ከተማ ሲያድግ መሬቱ ለምን ይሞቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ስለ ከተማ ሙቀት ሲወራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የመሬት ገጽ ሙቀት ምንድን ነው? ዜና ላይ ከሚነገረው ሙቀት ጋር አንድ ነው?

አንድ አይደለም። ዜና ላይ የምንሰማው የአየር ሙቀት ነው። ከመሬት 1.5 ወይም 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ነጭ ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ይለካል። የመሬት ገጽ ሙቀት ግን የነገሩ የራሱ፣ የላይኛው ቆዳው ሙቀት ነው። የአስፋልቱ፣ የጣሪያው፣ የሣሩ፣ የቅጠሉ።

ልዩነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ፀሐይ በበረታችበት ቀን፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ መዳፍዎን አስፋልት ላይ ለማሳረፍ ይሞክሩ። ወዲያው ያነሱታል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄደው ዛፍ ጥላ ሥር ያለ ሣር ይንኩ። ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ትንሽ እርጥበትም አለው። አየሩ ለሁለቱም ያው ነው። አየሩ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን ጥቁር አስፋልት 60 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል፤ ጥላ ሥር ያለው ሣር ግን ከአየሩ ብዙም አይርቅም። ስለ ከተማ ሙቀት ከሚነሳው ክርክር ግማሽ ያህሉ እነዚህን ሁለት ሙቀቶች ከመቀላቀል የሚመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲሰሙ መጀመሪያ «የአየሩ ነው የመሬቱ?» ብለው ይጠይቁ።

ከተማ ከዙሪያው ገጠር የሚሞቀው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ ግን ከውሃ እጀምራለሁ፤ ሰው ቶሎ የማያስበው እሱን ስለሆነ። ፀሐይ ለከተማም ለገጠርም ያው ናት። የሚለያየው መሬቱ ያገኘውን ኃይል ምን ላይ ያውለዋል የሚለው ነው። እርጥብ አፈርና ቅጠል ከፀሐይ ካገኙት ኃይል ብዙውን ውሃ ለማትነን ይጠቀሙበታል። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል። ይሄ ያንኑ አንድ ሊትር ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ያ ሁሉ ኃይል ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ መሬቱን አያሞቀውም። አፈሩ በአስፋልት ሲሸፈንና ዝናቡ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ከከተማው ሲወጣ ግን የሚተን ነገር አይኖርም። ኃይሉ የቀረው ሥራ ማሞቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግንባታው ራሱ ነው። ኮንክሪት፣ ጡብ፣ ድንጋይና አስፋልት ቀን ሙሉ ሙቀት ይጠጣሉ፣ ሲመሽ ቀስ እያሉ ይመልሱታል። ጥቁር የሆኑት ደግሞ ካረፈባቸው ብርሃን ወደ ሰማይ የሚመልሱት በጣም ጥቂቱን ነው። በዚያ ላይ ግድግዳ ከግድግዳ ፊት ለፊት ሲተያይ ከአንዱ የተመለሰው ብርሃን ሌላው ላይ ያርፋል። ንፋሱም በሕንፃዎቹ መሃል ሲያልፍ ይደክማል፤ የሞቀውን አየር ጠራርጎ አይወስደውም።

የሰው ሥራም አለበት። መኪናው፣ ፋብሪካው፣ ምድጃው፣ ጀነሬተሩ የሚያቃጥሉት ነዳጅ መጨረሻው ሙቀት ነው። በብዙ ከተማ ይሄ ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሕዝብና ሕንፃ በተጨናነቀበት መሃል ከተማ ግን የሚናቅ አይደለም። ይሄ ሁሉ ሲደመር የሚፈጠረው ነገር «የከተማ ሙቀት ደሴት» ይባላል። በሙቀት ካርታ ላይ ከተማው ቀዝቃዛ ባሕር መሃል የተቀመጠ ቀይ ደሴት ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው።

ነገሩ አዲስ ነው ወይስ ድሮም ነበር?

ድሮም ነበር። ሉክ ሃዋርድ የሚባል የለንደን ሰው፣ ሙያው መድኃኒት ማምረት ሆኖ፣ የአየር ጠባይ መከታተል ግን ፍቅሩ ነበር። ዛሬም ደመናዎችን የምንጠራባቸውን ሳይንሳዊ ስሞች መሠረት የጣለው እሱ ነው። ይህ ሰው ከለንደን ወጣ ብሎ ለዓመታት የመዘገበውን ሙቀት መሃል ከተማው ላይ ከተመዘገበው ጋር አነጻጸረ። ሌሊት ሌሊት ከተማው ከገጠሩ በአማካይ 2 ዲግሪ ያህል ይሞቅ ነበር። ቀን ላይ ግን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ እንዲያውም ከተማው በጥቂቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ውጤቱን ማሳተም የጀመረው በ1818 ነው። ያኔ መኪና የለም፣ የአስፋልት ጎዳና የለም፣ ኤሲ የለም።

ዛሬ የተለወጠው መጠኑ ነው። በ1950 ከዓለም ሕዝብ ከተማ ውስጥ የሚኖረው 30 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2007 አካባቢ ግማሹን አለፈ። ያኔ የጥቂት ትልልቅ ከተሞች ጉዳይ የነበረው አሁን የብዙው ሰው የዕለት ኑሮ ሆኗል።

የመሬትን ሙቀት ከሰማይ ሆኖ መለካት እንዴት ይቻላል?

ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ዓይን የማያየው ጨረር ይለቃል። ኢንፍራሬድ ይባላል። እሳት ፊት ቆመው ጉንጭዎ ላይ የሚሰማዎት ሙቀት አብዛኛው እሱ ነው። ሳተላይቱ ይህን ጨረር ይለካና ከእሱ ተነስቶ የገጹ ሙቀት ይሰላል። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለከተማ ጥናት የሚሆን የሙቀት ምስል ያነሳሉ። በ2013 የመጠቀው ላንድሳት 8 እና በ2021 የተከተለው ላንድሳት 9 መሬቱን 100 በ100 ሜትር ከፋፍለው ሙቀቱን ይለካሉ። አንዱ ብቻውን ወደ አንድ ቦታ የሚመለሰው በ16 ቀኑ ነው፤ ሁለቱ ተራ በተራ ሲያልፉ በየ8 ቀኑ ይሆናል። ቴራ እና አኳ የሚባሉት ደግሞ በቀን አራት ጊዜ ያህል ያያሉ፣ ሌሊትንም ጨምሮ። የእነሱ እይታ ግን 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሰፈርን ከሰፈር ለመለየት ያስቸግራል።

ሁለት ነገር አይርሱ። ደመና ካለ እነዚህ ሳተላይቶች መሬቱን አያዩም። ከላይ ስለሚያዩ ደግሞ በብዛት የሚለኩት ጣሪያውን፣ መንገዱንና የዛፉን አናት ነው። ሰው የሚደገፈው ግድግዳ፣ ከዛፍ ሥር ያለው መቀመጫ ምስሉ ላይ የሉም ማለት ይቻላል።

አስፋልት፣ ኮንክሪት፣ ቆርቆሮ፤ የትኛው ይብሳል?

ቀን ላይ አዲስ ጥቁር አስፋልትን የሚያህል የለም። ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሲያረጅ ይነጣና ከ10 እስከ 15 በመቶ ይመልሳል። ኮንክሪት ከዚያ ይሻላል፤ 30 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ግን ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሙቀት ያከማቻል፤ ሲመሽም ቶሎ አይበርድም።

ቆርቆሮ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ስስ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ ይግላል፣ ስትጠልቅም ቶሎ ይበርዳል። ችግሩ ከሥሩ ያለው ሰው ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን ቀጥታ ወደ ታች ይለቀዋል። ቀትር ላይ እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ የቆመ ሰው ሙቀቱ ከአናቱ በላይ ሲወርድ ይሰማዋል። ለዚህ ቤት የጣሪያው ቀለምና ኮርኒሱ ከከተማው አማካይ ሙቀት ይልቅ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ማታም የማይበርደው ለምንድን ነው?

ቀን የተጠራቀመው ስለሚመለስ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ የድንጋይ ወይም የጡብ ግድግዳ አጠገብ ይለፉ። ሳይነኩት ጎንዎን ያሞቀዋል። ግድግዳው ከሰዓቱን ሙሉ የጠጣውን እየመለሰ ነው። ሜዳ ላይ ያለ መሬት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ይበርዳል። ጠባብ መንገድ ላይ ግን ከመሬቱ የሚታየው ሰማይ ቀጭን ነው፤ አብዛኛው የሚለቀቀው ሙቀት ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ቲም ኦክ የተባለው የከተማ አየር ጠባይ ተመራማሪ በ1981 እንዳሳየው፣ ከመንገዱ የሚታየው ሰማይ እያነሰ ሲሄድ ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት የከተማውና የገጠሩ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል።

ሰው ላይ ጉዳቱ የሚበረታውም በዚሁ የተነሳ ነው። ሰውነት ቀን የደከመውን ማታ ሲበርድ ያካክሳል። ሌሊቱ ካልበረደ ልብ አያርፍም። በሐምሌ 1995 ቺካጎ ላይ በደረሰው የሙቀት ማዕበል ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በ2003 በጋ አውሮፓ ውስጥ የሞቱት ከ70 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይገመታል፤ በፈረንሳይ ብቻ 15 ሺህ ገደማ። እነዚያን ቀናት ገዳይ ካደረጋቸው ነገር አንዱ ሌሊቱ እረፍት አለመስጠቱ ነው። ስለዚህ አንድ ከተማ ስለ ሙቀት ሲያስብ የቀን ካርታ ብቻ ይዞ መቀመጡ አይበቃም ብዬ አምናለሁ።

ኤሲ ቢበዛ ከተማውን ያበርደዋል?

ክፍሉን ያበርዳል፣ መንገዱን ያሞቃል። ኤሲ ሙቀትን ከቤት አውጥቶ ወደ ውጭ የሚጥል ማሽን ነው፤ ራሱ የበላው የኤሌክትሪክ ኃይልም ሙቀት ሆኖ ይጨመርበታል። በ2014 ፊኒክስ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ላይ የወጣ ጥናት፣ ከኤሲዎች የሚወጣው ሙቀት በአንዳንድ ቦታዎች የሌሊቱን አየር ከ1 ዲግሪ በላይ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ለታመመና ለሸመገለ ሰው በሙቀት ማዕበል ጊዜ ኤሲ ነፍስ አድን ነው፤ እሱን መንፈግ አይገባም። ግን ኤሲ ያለው ሰው ሙቀቱን ኤሲ ወደሌለው ጎረቤቱ መስኮት እየላከ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ከተማው ወደ ጎን ቢሰፋ ይሻላል ወይስ ወደ ላይ ቢያድግ?

ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመልስ ሰው ካለ ተጠራጠሩት። ወደ ጎን የሚሰፋ ከተማ ብዙ አፈር ይበላል። ትናንት እርሻ ወይም ቁጥቋጦ የነበረው ዛሬ ጣሪያና መንገድ ይሆናል። በሳተላይት ሲታይ ትልቁ የሙቀት ዝላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ዳር ላይ ነው። መሃል ከተማው ድሮም ሞቃት ነበር፤ ብዙም አይለወጥም። ዳሩ ግን በአምስትና በአሥር ዓመት ውስጥ መልኩ ይቀየራል። በጅምር ሕንፃና ገና ባልተሠራ መንገድ የተሞላው አዲስ ሰፈር፣ ዛፉ ተቆርጦ አፈሩ ራቁቱን የቀረው፣ ከመሃል ከተማው የሚሞቅበት ጊዜም አለ።

ወደ ላይ ሲያድግ ደግሞ አፈሩ ይተርፋል፤ ረጃጅም ሕንፃዎችም ቀን መንገዱ ላይ ጥላ ይጥላሉ። ግን ተጠጋግተው ከተሠሩ ከላይ እንዳልነው የሌሊቱን ሙቀት ያፍናሉ፣ ንፋሱንም ይዘጋሉ። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የሕንፃው ቁመት ብቻ አይደለም፤ በሕንፃዎቹ መሃል ምን ቀረ የሚለው ነው። በጀርመን ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠችው ሽቱትጋርት ይህን ቀድማ ገብቷታል። ከ1938 ጀምሮ የከተማ አየር ጠባይ የሚያጠና ባለሙያ በአስተዳደሯ ውስጥ አላት። ማታ ከኮረብታዎቹ ቀዝቃዛ አየር የሚወርድባቸውን መስመሮች በካርታ አስቀምጣ፣ እነሱን የሚዘጋ ግንባታ እንዳይፈቀድ ትከላከላለች። ለዚህ ውድ ቴክኖሎጂ አላስፈለጋትም። ንፋሱ በየት እንደሚመጣ አውቃ መንገዱን ለቀቀችለት።

በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ሰፈር ከሌላው ለምን ይሞቃል?

ዛፍ፣ ክፍት ቦታና ግንባታ እኩል ስላልተከፋፈሉ ነው። በግቢው ዛፍ ያለበት፣ ቤቶቹ የተራራቁበት ሰፈርና ጣሪያ ከጣሪያ የተያያዘበት ሰፈር በአንድ ቀን ጠዋት ብዙ ዲግሪ ሊራራቁ ይችላሉ። ገንዘብ ያለው ጥላ አለው፤ ይሄን ደጋግመው ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በጣም ግልጽ የሆነው በ2020 የታተመውና 108 የአሜሪካ ከተሞችን ያየው ነው። በ1930ዎቹ እነዚህ ከተሞች ውስጥ ጥቁሮችና ስደተኞች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በካርታ ላይ በቀይ ተቀብተው «ብድር ለመስጠት አደገኛ» ተብለው ነበር። ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎቹ የመሬት ገጽ ሙቀቱን ሲለኩ፣ እነዚያ ቀይ ሰፈሮች «ምርጥ» ተብለው ከነበሩት በአማካይ 2.6 ዲግሪ ይሞቃሉ። ገንዘብ ሳይገባበት የቀረ ሰፈር ዛፍም ፓርክም ሳያገኝ ቀረ። አንድ የወረቀት ውሳኔ ከሦስት ትውልድ በኋላ በቴርሞሜትር ሲነበብ ማየት ያሳዝናል።

ዛፍ መትከል ብቻውን ይበቃል?

ብቻውን አይበቃም። ግን አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ዛፍን እመርጣለሁ። ዛፍ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛው ጥላ ነው፤ ፀሐይዋ አስፋልቱንም ሰውንም ሳታገኝ ቅጠሉ ላይ ትቀራለች። ሁለተኛው ትነት ነው። በቂ ውሃ ያገኘ ትልቅ ዛፍ በቀን 100 ሊትር ካተነነ፣ ይዞት የሚሄደው ኃይል 68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በተጨማሪም ቅጠል እንደ ድንጋይ ሙቀት አያከማችም። ኮሎምቢያ ውስጥ ያለችው ሜዴሊን ከ2016 ጀምሮ በመንገዶቿና በወንዞቿ ዳር 30 አረንጓዴ መስመሮችን ዘርግታ፣ በእነዚያ አካባቢዎች ሙቀቱ 2 ዲግሪ ያህል እንደቀነሰ አስተዳደሯ ገልጿል።

የሚረሳው ነገር ግን አለ። ዛፍ ውሃ ካጣ ትነቱን ያቆማል፤ ጥላው ብቻ ይቀራል። ሥሩ ዙሪያውን በሲሚንቶ ታፍኖ የተተከለ ዛፍ ዝናብ ቢዘንብም አይጠጣም። ችግኝም ጥላ እስኪጥል ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ዛፍ ቆርጦ በምትኩ አሥር ችግኝ መትከል፣ ቢያንስ ለሚቀጥሉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት፣ ሂሳቡ አይገጥምም። የቆመውን መጠበቅ ይቀድማል። ውሃን ወደ ላይ ማውጣትም ይቻላል። የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል መሃል ከተማዋን ያቋርጥ የነበረውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና አፍርሳ ከሥሩ ተቀብሮ የነበረውን የቾንግየቾን ወንዝ በ2005 መልሳ ከፈተችው። በበጋ የወንዙ ዳርቻ ጥቂት መንገድ ራቅ ብለው ካሉ ጎዳናዎች በበርካታ ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኝቷል።

ጣሪያውንም መንገዱንም ነጭ ብንቀባስ?

ጣሪያው ላይ፣ አዎ። አዲስ ነጭ ጣሪያ ካረፈበት ብርሃን 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሊመልስ ይችላል፤ ብርሃኑም ቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ከሥሩ ላለው ሰው ወዲያው ይታወቀዋል። አቧራ ሲለብስ አቅሙ ስለሚቀንስ ግን በየጊዜው ማጠብ ያስፈልጋል። ብርድ በሚበዛበት አገር ክረምት ላይ የሚፈለገውን ሙቀትም ስለሚመልስ እዚያ ጥቅሙ ያነሰ ነው።

መንገድ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ፊኒክስ በ2020 አንዳንድ የሰፈር ውስጥ መንገዶቿን ብርሃን በሚመልስ ቀለም ቀብታ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ለካች። ቀትርና ከሰዓት ላይ የመንገዱ ገጽ ካልተቀባው በ6 ዲግሪ ገደማ ቀዘቀዘ። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ነገር ግን በቀትር መንገዱ ላይ ቆሞ ያለ ሰው ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ጨመረ፣ በ3 ዲግሪ ገደማ። መንገዱ የመለሰው ብርሃን የት ይሄዳል? እግረኛው ላይ ነው የሚያርፈው። የሳተላይቱ ካርታ ሰማያዊ ሆነ፣ ሰውዬው ግን የበለጠ ላበው። የገጽ ሙቀት ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ሰው የሚሰማው ሙቀት ግን ሌላ ነገር ነው።

በረሃ ላይ ያለ ከተማ ቀን ቀን ከዙሪያው ይቀዘቅዛል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ሊሆን ይችላል። ሙቀት ደሴት ማለት ንጽጽር ነው፤ ውጤቱ ከምን ጋር እንዳነጻጸሩት ይወሰናል። የበረሃ አፈር ደረቅና ራቁት ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ይግላል። ከተማው ውስጥ ግን ውሃ የሚጠጣ አትክልት አለ፣ የሕንፃ ጥላ አለ፣ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ኮንክሪት አለ። ስለዚህ ሳተላይቱ ረፋድ ላይ ሲያልፍ ከተማው ከዙሪያው በርዶ ይታያል። ሌሊት ካርታው ይገለበጣል፤ በረሃው ቶሎ ይበርዳል፣ ከተማው አይበርድም።

ይሄ የበረሃ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዝናብና ደረቅ ወቅት በሚፈራረቁበት አገርም ያው ይሆናል። ዝናብ ካቆመ በኋላ ዙሪያው አረንጓዴ ሲሆን ከተማው ቀይ ደሴት ነው። እርሻው ታጭዶ አፈሩ ሲደርቅ ደሴቱ ይጠፋል። ከተማው በርዶ አይደለም፤ ገጠሩ ግሎ ነው።

የዓለም ሙቀት ጨመረ የሚባለው ቴርሞሜትሮቹ ከተማ ውስጥ ስላሉ አይደለም?

አይደለም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ሳይንቲስቶችም በደንብ መርምረውታል። በከተማ ተከቦ የቀረ የሙቀት መለኪያ ጣቢያ በእርግጥ የበለጠ ይሞቃል፤ ለዚህም መረጃው ሲጠናቀር ይስተካከላል። የገጠር ጣቢያዎች ብቻ ተወስደው ሲሰላም የዓለም ሙቀት መጨመሩ ይታያል። ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው የምድር ገጽ ውቅያኖስ ነው፤ እዚያ ከተማ የለም፣ ሙቀቱ ግን ጨምሯል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ቡድን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ የከተሞች መስፋፋት የዓለምን አማካይ ሙቀት በመጨመር ረገድ ያለው ድርሻ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን፣ በከተሞቹ ውስጥ ግን ሙቀቱን፣ በተለይ የሌሊቱን፣ እንዳባባሰው አስፍሯል። የከተማ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚሸከመው።

የ1990ን እና የ2020ን የሳተላይት ምስል አወዳድሬ «ከተማው 5 ዲግሪ ሞቀ» ማለት እችላለሁ?

በሁለት ምስል ብቻ አይቻልም። ይህ ስህተት በተማሪዎች ጥናት ውስጥ በጣም ስለሚደጋገም ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ሳተላይቱ ያነሳው የአንድ ቀን ጠዋት፣ 4 ሰዓት አካባቢ ያለውን ሁኔታ ነው። ከአንደኛው ምስል ሦስት ቀን በፊት ዘንቦ ከሆነ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ይበርዳል። ሁለተኛው ከደረቅ ወር መጨረሻ ከሆነ ይሞቃል። ያንን 5 ዲግሪ ያመጣው ዝናቡ ሊሆን ይችላል፤ ከተማው ምንም ባይጨምር እንኳ።

ስለዚህ ከአንድ ወቅት፣ ከበርካታ ዓመታት ብዙ ምስሎችን ሰብስበው መካከለኛውን ይውሰዱ። የከተማውን ሙቀት ብቻውን አያወዳድሩ፤ በየዘመኑ ከተማው ከዙሪያው በስንት ይበልጥ ነበር የሚለውን ያወዳድሩ። እንዲህ ሲያደርጉ የዚያ ቀን አየር ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ብዙው ይጣፋል። «ዙሪያው» የሚሉትም ቦታ በ30 ዓመት ውስጥ ሳይሠራበት የቀረ፣ ከፍታውም ከከተማው ጋር የሚቀራረብ ይሁን። ተራራ ላይ ያለ ጫካን ሸለቆ ውስጥ ካለ ከተማ ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን በሙሉ ለከተማው መስጠት ትክክል አይደለም።

የመጨረሻው ወጥመድ ቆርቆሮ ነው። አፈር፣ ቅጠል፣ አስፋልትና ኮንክሪት እንደ ሙቀታቸው መልቀቅ ከሚችሉት ጨረር ከ90 በመቶ በላዩን ይለቃሉ። የሚያብረቀርቅ ብረት ግን የሚለቀው ከ30 በመቶ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ እጅ የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ ሳተላይቱ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሲዝግ ደግሞ የሚለቀው ጨረር ይጨምርና ያው ጣሪያ ድንገት «ሞቀ» ይባላል። ካርታዎ ላይ በቤት በተጨናነቀ ሰፈር መሃል ለብቻው ሰማያዊ ሆኖ የወጣ ትልቅ ጣሪያ ካዩ፣ ቀዝቃዛ ነው ብለው ከመጻፍዎ በፊት ቀትር ላይ ሄደው ጣሪያው ከምን እንደተሠራ ይዩ።